የደርግ ዘመን ታሪክ በበይነ መረብ መዝገበ ዕውቀት፦ የጋምቤላ ጉዳይና የገለልተኝነት ወሰን

አኅፅሮተ ጽሑፍ

በዚህ አጭር ጽሑፍ የበይነ መረብ መዝገበ ዕውቀቶች ወይም ኢንሳይክሎፔዲያዎች፣ በተለይም ዊኪፔዲያ፣ የደርግን ዘመን ታሪክ የሚያቀርቡበት መንገድ ከጋምቤላ አንጻር ተመርምሯል። የጽሑፉ ዋና ነጥብ በዚህ ታሪክ አቀራረብ ላይ የሚከሰተው አድልዎ በአብዛኛው ሐሰት ከመጻፍ አይመነጭም የሚል ነው። የሚመነጨው ደርግና ተቺዎቹ ለየራሳቸው ዓላማ ያዘጋጇቸው ምንጮች በጋራ ከተዉት ክፍተት ነው። መዝገበ ዕውቀት ሁለቱን ወገኖች በሚዛን ሲያስቀምጥ የሁለቱንም ዝምታ አብሮ ይወርሳል። ይህንን ለማሳየት የ1977 ዓ.ም. የሰፈራ መርሐ ግብር፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውና የኢታንግ የስደተኞች መጠለያ በአብነት ተወስደዋል። የጥናቱ ዘዴ ሰነዳዊ ነው፤ የታተሙ ሥራዎችንና የመዝገበ ዕውቀቱን የአርትዖት ደንቦች በማነጻጸር ላይ ተመሥርቷል።

ቁልፍ ቃላት፦ ደርግ፣ ጋምቤላ፣ ፕሮፓጋንዳ፣ ገለልተኝነት፣ ሰፈራ፣ የቃል ታሪክ

1. መግቢያ

በጋምቤላ ከተማ የሚማር ወጣት ስለ ደርግ ዘመን ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ ሲታዘዝ በቅድሚያ የሚፈትሸው የእጅ ስልኩን ነው። የመፈለጊያ ገጾች ከሚያስቀድሟቸው ውጤቶች አንዱ ዘወትር ዊኪፔዲያ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2001 የተጀመረው ይህ መዝገበ ዕውቀት ማንም ሰው ሊያርመው የሚችል፣ ባለቤትነቱም ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የሆነ ሥራ በመሆኑ ከመንግሥትም ከገበያም ተፅዕኖ የራቀ ይመስላል። ለጥያቄ መልስ የሚሰጡ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችም ከሠለጠኑባቸው ጽሑፎች መካከል ይገኝበታል። ስለዚህ በዚያ ገጽ ላይ የተጻፈውም ሆነ ያልተጻፈው ነገር ከአንድ ገጽ ያለፈ ክብደት አለው።

ጉዳዩ ለጋምቤላ የተለየ ትርጉም የሚኖረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው በክልሉ ዛሬ የሚነሡት የመሬት፣ የነባርነትና የውክልና ጥያቄዎች ሥራቸው በከፊል በደርግ ዘመን ውስጥ መገኘቱ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ ወደ 307 ሺህ የሚጠጋ ሲሆን፣ ኑዌሮች 47 በመቶ፣ አኙዋዎች 21 በመቶ፣ አማሮች ደግሞ 8 በመቶ አካባቢ ነበሩ፤ ከፊቾዎች፣ ኦሮሞዎች፣ ማጃንጎችና ሌሎችም የቀረውን ይይዛሉ። የቆጠራው ሠንጠረዥ ማን ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል፤ ከሰሜን የመጣው ሕዝብ እንዴትና በማን ውሳኔ ወደ ባሮና አልዌሮ ወንዞች ዳርቻ እንደደረሰ ግን አይናገርም። ያንን የሚናገረው ታሪክ ነው። ታሪኩ ሲጎድል ቁጥሩ ለክርክር መሣሪያነት ብቻ ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት ጋምቤላ ስለ ራሷ ከጻፈችው ይልቅ ሌሎች ስለ እርሷ የጻፉት እጅግ የሚበልጥ አካባቢ መሆኗ ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት የወንዝ ወደብ ከሆነችበት ጊዜ አንሥቶ ስለ ጋምቤላ የሚገኘው ጽሑፍ በአመዛኙ የነጋዴ፣ የቆንስል፣ የአስተዳዳሪ፣ የእርዳታ ሠራተኛ ወይም የውጭ ተመራማሪ ጽሑፍ ነው። መዝገበ ዕውቀት ከታተመ ምንጭ ብቻ የሚቀዳ በመሆኑ ይህ የቆየ አለመመጣጠን በቀጥታ ይተላለፍበታል።

2. መዝገበ ዕውቀትና ፖለቲካ

መዝገበ ዕውቀት የፖለቲካ መሣሪያ መሆን የጀመረው በበይነ መረብ ዘመን አይደለም። በኮሙኒስት ታሪክ ረገድ በሰፊው የሚታወቀው አብነት የታላቁ የሶቪየት ኢንሳይክሎፔዲያ ሁለተኛ እትም ነው። የጸጥታው ሹም ላቭሬንቲ ቤሪያ እ.ኤ.አ. በ1953 ተይዞ ከተገደለ በኋላ፣ ስለ እርሱ የሚያትቱትን ገጾች በመቀስ ወይም በምላጭ ቆርጠው እንዲያወጡና በምትካቸው ስለ ቤሪንግ ባሕርና ስለ መሰል ርእሶች የተዘጋጁ ገጾችን እንዲለጥፉ ለደንበኞች መመሪያ ተላከ። ይህ ዐይነቱ ፕሮፓጋንዳ ባለቤቱ የታወቀ ነው፤ አሳታሚው መንግሥት ነው፤ አንባቢውም የት እንደሚጠራጠር ያውቃል።

በበይነ መረቡ መዝገበ ዕውቀት ግን ባለቤቱ ብዙ ነው፤ አድልዎውም በሌላ መልክ ይመጣል። ሁለት የታወቁ ጉዳዮችን መጥቀስ ይበቃል። የመጀመሪያው የክሮኤሽያኛው ዊኪፔዲያ ነው። የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምገማ መሠረት፣ ለአሥር ዓመታት ያህል የቀኝ አክራሪ አመለካከት ያላቸው ጥቂት አርታኢዎች እትሙን ተቆጣጥረው የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ታሪክ አዛብተዋል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የአርታኢዎቹ ቁጥር አነስተኛ በሆነበት ቋንቋ ጥቂት ሰዎች የአንድን ሕዝብ ታሪክ መማረክ ይችላሉ። ከ15 ሺህ ብዙም የማይበልጡ ገጾች ያሉት የአማርኛው እትምም ከዚህ ሥጋት ነፃ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ጉዳይ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ «በኮሙኒስት መንግሥታት ሥር የተፈጸሙ የጅምላ ግድያዎች» የሚል ይዘት ባለው ገጽ ላይ የተነሣው ሙግት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ገጹ ይሰረዝ ወይስ ይቆይ በሚል ብዙ አርታኢዎች የተሳተፉበት ክርክር ተካሂዶ ያለ ስምምነት ተዘጋ። የክርክሩ ፍሬ ነገር ግድያዎቹ ተፈጽመዋል ወይስ አልተፈጸሙም የሚል አልነበረም፤ በተለያዩ አገሮች የተፈጸሙትን ግፎች በአንድ ርእዮተ ዓለም ስም በአንድ መዝገብ ማሰባሰብ ራሱ አቋም መያዝ አይደለምን የሚል ነበር። ይኸው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1997 በፈረንሳይኛ በታተመው «የኮሙኒዝም ጥቁር መጽሐፍ» ላይም ተነሥቶ ነበር። ስቴፋን ኩርቱዋ በመቅድሙ የሟቾችን ቁጥር ወደ 100 ሚሊዮን ሲያስጠጋ፣ ከመጽሐፉ ዋነኛ ጸሐፊዎች መካከል ኒኮላ ቬርትና ዣን ሉዊ ማርጎላን ከዚያ አቀራረብ ራሳቸውን አግልለዋል። በዚያ መቅድም የአፍሪካ ድርሻ 1.7 ሚሊዮን ተብሎ በአንድ መስመር ተቀምጧል። ኢትዮጵያ፣ አንጎላና ሞዛምቢክ በአንድ ቁጥር ውስጥ ሲገቡ የአንዱ አገር ጉዳይ ከሌላው አይለይም፤ በአገር ውስጥ ያለ የአንድ አካባቢ ጉዳይማ ከናካቴው ይጠፋል።

ስለ ቀይ ሽብር ሟቾች በየጽሑፉ የሚዘዋወሩት ግምቶች ከ10 ሺህ ተነሥተው ከ500 ሺህ በላይ ይደርሳሉ። መዝገበ ዕውቀት ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ጎን ለጎን ሲያኖር ገለልተኛ የሆነ ይመስላል። ነገር ግን ዝቅተኛው አኃዝ በአንድ ከተማና በአንድ ዓመት የተገደሉትን፣ ከፍተኛው ደግሞ በመላ አገሪቱና በዘመኑ ሁሉ የሞቱትን የሚመለከት ሊሆን ይችላል። የሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን መልስ በአንድ መስመር ማስቀመጥ ሚዛን አይሆንም።

3. አብነት አንድ፦ የሰፈራ መርሐ ግብር

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ይዞ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ኅብረተሰባዊነትን መመሪያው ማድረጉን አወጀ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወቅት 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ ለማዛወር አቀደ፤ መርሐ ግብሩ በ1978 ዓ.ም. እስኪገታ ድረስ 600 ሺህ ያህል ሰው ተዛውሯል። በዚያን ጊዜ በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ጋምቤላ ሰፋሪዎችን ከተቀበሉት አካባቢዎች አንዷ ነበረች። በአቦቦ አካባቢ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የአልዌሮ ግድብ የተሠራውም በዚሁ ዘመን ነው፤ ግድቡ ከተጠናቀቀ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት ለታሰበለት መስኖ ሳይውል ቆይቷል።

ስለዚህ ሰፈራ ሁለት ጎራ ያላቸው ጽሑፎች አሉ። የመንግሥት ሰነዶች ሰፈራው በፈቃደኝነት የተካሄደ፣ ረሃብን በዘላቂነት የሚፈታ እርምጃ እንደነበር ያስረዳሉ። በሌላ ወገን ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት የፈረንሳይ ቅርንጫፍ በሰፈራው ምክንያት 100 ሺህ ሰው ሳይሞት እንዳልቀረ በመናገሩ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985 ከአገር ተባረረ። አፍሪካ ዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣውና አሌክስ ደ ዋል ያዘጋጀው «የክፉ ቀናት» የተሰኘ ይዘት ያለው ዘገባ ቢያንስ 50 ሺህ ሰው መሞቱን ይገምታል። ጄሰን ክሌይና ቦኒ ሆልኮም ደግሞ ከሰፈራ ጣቢያ አምልጠው ሱዳን የገቡ ስደተኞችን በመጠየቅ ሰፈራው በግዳጅ የተካሄደ መሆኑን ጽፈዋል። የጠየቁት ያመለጠውን እንጂ በጣቢያው የቀረውን አልነበረም። አሉላ ፓንክረስት በወለጋ በሚገኝ የሰፈራ መንደር ባካሄደው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስቀመጠው፣ ረሃብ፣ ተስፋና ግዳጅ ተደባልቀው ሰዎችን ለጉዞ እንዳነሣሡ አሳይቷል።

መዝገበ ዕውቀቱ እነዚህን ምንጮች ሲያመዛዝን ጥያቄው «በውድ ነው ወይስ በግድ? የሞተው 50 ሺህ ነው ወይስ 100 ሺህ?» የሚል ይሆናል። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ስለ ሰፋሪው የሚጠይቁ እንጂ ሰፋሪው ስለ ሰፈረበት መሬት ባለቤት የሚጠይቁ አይደሉም። የአኙዋና የማጃንግ አርሶ አደሮች የእርሻ፣ የአደንና የማር ጫካቸው ሲመነጠር ምን ሆኑ? እነርሱ ራሳቸው በመንደር ምሥረታ ስም ከወንዝ ዳር መኖሪያቸው ሲሰበሰቡ ማን ጠየቃቸው? የሟቾቹ ግምቶች በሙሉ ሰፋሪውን ይቆጥራሉ፤ የተቀባዩን ኪሳራ የሚቆጥር አምድ የለም። የደርግ ፕሮፓጋንዳ አካባቢውን «ያልለማ ድንግል መሬት» አድርጎ ሣለው። የምዕራቡ ትችት ደግሞ የመንግሥትን ጭካኔ ለማሳየት ሲተጋ ያንኑ መሬት ሰው አልባ የመከራ ሜዳ አስመሰለው። በዚህ ነጥብ ሁለቱ ባላጋራዎች ተስማምተዋል።

ከዚህ ክፍተት ውጭ የቆሙ ሥራዎች የሉም ማለት አይደለም። ጃፓናዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኤይሴይ ኩሪሞቶ ስደተኞችና ሰፋሪዎች በጋምቤላ ላይ ስላሳደሩት ዘርፈ ብዙ ተፅዕኖ ጽፏል። ደረጀ ፈይሳም እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው የአኙዋና የኑዌር ማንነት ጥናት ጉዳዩን ከነዋሪዎቹ ጎን ተመልክቶታል። ችግሩ እነዚህ ሥራዎች ስለ ጋምቤላ በተጻፈ ገጽ ላይ እንጂ ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ ወይም ስለ ኮሙኒዝም ታሪክ በሚጻፍ ጠቅላላ ገጽ ላይ በቀላሉ ቦታ የማያገኙ መሆናቸው ነው። ተቀባዩ ሕዝብ እንደ «አካባቢያዊ ጉዳይ» ይቆጠራል፤ ሰፋሪውና መንግሥቱ ደግሞ እንደ «ታሪክ»።

4. አብነት ሁለት፦ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ

ሁለተኛው አብነት ከመጀመሪያው የሚለየው አወዛጋቢ ባለመሆኑ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት አግኝቷል። ትምህርቱም በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። የደርግ ተቺዎችም ሳይቀሩ የሚያመሰግኑት ሥራ በመሆኑ «ዘመቻው በ15 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ተካሄደ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ያለ አንዳች ክርክር ሊጻፍ ይችላል፤ እውነትም ነው።

ዝርዝሩን ስንመለከት ግን ቋንቋዎቹ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ወላይትኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሀዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ጌዴኦኛ፣ ትግረ፣ ኩናምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ስልጥኛ፣ አፋርኛ፣ ከፊኛ-ሞችኛና ሳሆ ናቸው። ከጋምቤላ ነባር ቋንቋዎች፣ ማለትም ከአኙዋ፣ ከኑዌር፣ ከማጃንግ፣ ከኦፖና ከኮሞ አንዱም የለበትም። አንድ የአኙዋ ወይም የኑዌር ጎልማሳ በዚያ ዘመቻ ማንበብ ከተማረ የተማረው በሌላ ሰው ቋንቋ ነው። «በ15 ቋንቋዎች» የሚለው አገላለጽ ብዝኃነትን ሲያበሥር ከዚያ ውጭ የቀሩትን ይሰውራል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ማንም አርታኢ «ምንጭ ይጠቀስ» የሚል ምልክት አይለጥፍም፤ የሚታረም ስሕተት የለውምና። የአድልዎ ረቂቁ መልክ ይህ ነው፦ ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ማን እንደተቆጠረ ሳይጠየቅ ቁጥሩ ብቻ ከገጽ ወደ ገጽ ይገለበጣል።

ነገሩ ከቋንቋ ፖሊሲም ያለፈ ነው። በራሱ ቋንቋ ያልጻፈ ትውልድ የራሱን ምስክርነት በጽሑፍ አልተወም። ዛሬ በአኙዋም ሆነ በኑዌር ቋንቋ ራሱን የቻለ የዊኪፔዲያ እትም የለም። ስለዚህ በ1971 ዓ.ም. የቀረው የቋንቋ ክፍተት ከአርባ ዓመታት በኋላ የምንጭ ክፍተት ሆኖ ተመልሷል።

5. አብነት ሦስት፦ ኢታንግ

በግንቦት 1975 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን የተነሣው ዐመፅ የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ሠራዊትን ወለደ። ደርግም ለንቅናቄው መሣሪያ፣ ሥልጠናና ቦታ ሰጠ። በጋምቤላ ምድር የምትገኘው ቢልፋም የንቅናቄው የመጀመሪያ ጠቅላይ ሠፈር ነበረች። በዚያው አካባቢ ኢታንግ ከ200 ሺህ በላይ ስደተኞችን በማስጠለል በ1980ዎቹ መግቢያ ከዓለም ታላላቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዷ ሆነች። በፉኝዶ ደግሞ በኋላ «የጠፉት ልጆች» በሚል ስም ዓለም ያወቃቸው ታዳጊዎች ተሰባሰቡ። ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ መጠለያዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶ ሆኑ፤ ስደተኛውም ወደ ሱዳን ተመለሰ።

ይህ አንድ ቦታ በመዝገበ ዕውቀት ውስጥ ሦስት የተለያዩ ስሞች ሊኖሩት ይችላል። በሰብአዊ እርዳታ ታሪክ የስደተኞች መጠለያ ነው፤ በሱዳን የትጥቅ ትግል ታሪክ የኋላ ደጀን ነው፤ በቀዝቃዛው ጦርነት ታሪክ የኮሙኒስት መንግሥት ጣልቃ ገብነት ማስረጃ ነው። ሦስቱም እውነት አላቸው። በሦስቱም ውስጥ ግን በባሮ ዳርቻ በኢታንግ ዙሪያ ይኖር የነበረው ነዋሪ መልክዐ ምድር እንጂ ተዋናይ አይደለም። ከነዋሪው የሚበዛ ታጣቂና ስደተኛ በመንደሩ አጠገብ ሲሰፍር፣ መሣሪያ በገበያ ሲዘዋወር፣ የአኙዋና የኑዌር የኃይል ሚዛን ሲለወጥ ምን እንደ ደረሰ በነዚህ ገጾች ማዕከል አይታይም። ከዚህ የተነሣ በኋላ ዘመን በክልሉ የተቀሰቀሱት ግጭቶች፣ በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ በአኙዋ ተወላጆች ላይ የተፈጸመውን ግድያ ጨምሮ፣ ያለ መነሻ ታሪክ ይቀርባሉ። አንባቢውም «የቆየ የጎሣ ጥላቻ» የሚለውን ቀላል ትርጓሜ ለመቀበል ይገደዳል። የፖለቲካ ውሳኔ ታሪክ ሲጠፋ ጥፋቱ በሕዝቦች ባሕርይ ላይ ይለጠፋል።

6. የቃላት ውርስ

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሌላም ፈተና አለበት። የደርግ ዘመን አማርኛን በብዙ አዳዲስ ቃላት አበልጽጓል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ዳኝነት አብረው ተሸክመዋል። «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» የሚለው ሐረግ ገዳዩን ሰውሮ ግድያውን አስተዳደራዊ ሥራ ያስመስለዋል። «አድኃሪ»፣ «ፀረ ሕዝብ» እና «ወንበዴ» የሚሉት ቃላት ክስን ከስም ጋር ያጣምራሉ። «ነጭ ሽብር» የሚለው ስያሜ ደርግ ለተቀናቃኞቹ ጥቃት የሰጠው ሲሆን፣ «ቀይ ሽብር» ደግሞ ራሱ ያወጀው ነው። ሁለቱን በጥንድነት ማቅረብ የመንግሥትን ኃይልና የከተማ ቡድኖችን ግድያ እኩል ክብደት ያላቸው ያስመስላል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላም የቃላቱ አቅጣጫ ተገለበጠ እንጂ ልማዱ አልተለወጠም፤ «ፋሽስቱ ደርግ» የሚለው አጠራር በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን መደበኛ ስም ሆኖ ቆይቷል። ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በኮሎኔል መንግሥቱና በሌሎች ላይ የሰጠው የጥፋተኝነት ውሳኔ በማስረጃ ላይ የቆመ ነው፤ የአሸናፊ መፈክር ግን ማስረጃን አይተካም።

በጋምቤላ ደግሞ «ሰፋሪ»፣ «ደገኛ» እና «ነባር» የሚሉት ቃላት በዚሁ ዓይን ሊታዩ ይገባል። በረሃብ ዘመን በመንግሥት ተሽከርካሪ ተጭኖ የመጣን የወሎ ገበሬ፣ በንግድ የመጣን ሰውና በሥራ ምደባ የመጣን መምህር በአንድ «ደገኛ» ስም መጥራት ሦስት የተለያዩ ታሪኮችን አንድ ያደርጋል፤ የመጀመሪያውንም ተጎጂ የሌሎች ተወካይ ያስመስለዋል።

7. ክፍተቱ ለምን ይቀጥላል?

የዊኪፔዲያ አርትዖት በሦስት ዋና ደንቦች ይመራል፦ ገለልተኛ አመለካከት፣ የመረጃ ተረጋጋጭነት፣ እንዲሁም ያልታተመ አዲስ ምርምር አለማቅረብ። እነዚህ ደንቦች ተራ ፕሮፓጋንዳን በመከላከል ረገድ ጠቃሚ ናቸው። ይሁንና በደንቡ መሠረት ገለልተኝነት ማለት አስተማማኝ የሚባሉ የታተሙ ምንጮች ለአንድ አመለካከት በሰጡት ስፋት መጠን ቦታ መስጠት ነው። ያልታተመ አመለካከት ስፋቱ ዜሮ ነው። የአንድ የአኙዋ አዛውንት ምስክርነት፣ ምንም ያህል የተጠናከረ ቢሆን፣ ካልታተመ አይጠቀስም።

ጉዳዩ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች በቀጥታ የሚነካ ሌላ ገጽታም አለው። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ መመሪያ መሠረት የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ ከፍ ያለ ምሁራዊ ተፅዕኖ ማሳደሩ ካልታየ በቀር እንደ አስተማማኝ ምንጭ አይቆጠርም። በአገራችን ስለ አካባቢ ታሪክ የሚደረገው የመስክ ምርምር ግን አብዛኛው በዚሁ ደረጃ የሚሠራ ነው። ከአዛውንቶች የተሰበሰበው ቃል፣ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት የተገኘው ሰነድ በመመረቂያ ጽሑፍ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የጋምቤላ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይታገዳል፤ አንድ ጊዜ በቃል በመቅረቱ፣ ሌላ ጊዜ በመደርደሪያ በመቅረቱ። የመጀመሪያውን እግድ የመዝገበ ዕውቀቱ ደንብ ጥሎታል፤ ሁለተኛው ግን የእኛው ሥራ ነው።

8. ምን ሊደረግ ይችላል?

ለአንባቢ አራት ጥያቄዎች ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ የተጠቀሰው ምንጭ መቼ፣ በማንና ማንን በመጠየቅ ተዘጋጀ? ሁለተኛ፣ የቀረበው ቁጥር እነማንን ይቆጥራል፣ እነማንንስ ይተዋል? ሦስተኛ፣ የዓረፍተ ነገሩ ግሥ አድራጊ አለውን? «ሕዝቡ ተዛወረ» ከተባለ ማን አዛወረው? አራተኛ፣ ከገጹ ጋር የተያያዙት የለውጥ ታሪክና የውይይት ገጽ ምን ያሳያሉ? ብዙ አንባቢዎች እነዚህን ሁለት ገጾች ከፍተው አያውቁም፤ ክርክሩና የተሰረዘው ነገር የሚገኘው ግን በእነርሱ ነው። የሶቪየቱ አንባቢ በምላጭ የቆረጠውን ገጽ መልሶ ማየት አይችልም ነበር፤ የዛሬው አንባቢ ግን የተቆረጠውን ማየት ይችላል።

ለመምህራን ደግሞ የሚከተለው ልምምድ ሊጠቅም ይችላል። ተማሪዎች ስለ አንድ ጉዳይ፣ ለምሳሌ ስለ ሰፈራው፣ የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ገጽ ጎን ለጎን አንብበው የእያንዳንዱን ምንጭ የትውልድ ዘመንና ቦታ በሠንጠረዥ ያስፍሩ። ምንጮቹ ከየት እንደመጡ ሲታይ ዝምታው ከየት እንደመጣ አብሮ ይታያል።

ለተመራማሪ የቀረበው ሥራ ከሁሉም ይከብዳል። የመመረቂያ ጽሑፍን በአቻ ምሁራን ወደሚገመገም ጽሑፍ መለወጥ፣ ዩኒቨርሲቲዎችም የምርምር ሥራዎቻቸውን ለሁሉም ክፍት በሆነ የበይነ መረብ ማከማቻ እንዲያኖሩ መጠየቅ፣ የቃል ታሪክን በተናጋሪው ፈቃድ፣ በራሱ ቋንቋና ከትርጉሙ ጋር መዝግቦ ማቆየት ከዋነኞቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የቃል ምስክርነትን በዊኪፔዲያ ምንጭነት ለመጠቀም ሙከራ ተደርጎ ነበር። ሙከራው ደንቡን አልለወጠም፤ ጥያቄው ግን ክፍት መሆኑን አሳይቷል። የቃል ምስክርነትም ቢሆን ያለ ምርመራ የሚወሰድ አይደለም። የዛሬ የመሬት ክርክር የትናንትን ትዝታ ሊቀርጸው ስለሚችል፣ ከሰነድና ከሌሎች ምስክሮች፣ ሰፋሪዎቹንም ጨምሮ፣ ጋር መመሳከር ይኖርበታል። የነባሩን ዝምታ ለመስበር ሲባል የሰፋሪውን ታሪክ ማፈን አንዱን አድልዎ በሌላ መተካት ነው።

9. መደምደሚያ

ስለ ኮሙኒስት ታሪክ በበይነ መረብ መዝገበ ዕውቀት የሚካሄደው ሙግት በአብዛኛው «ግራው ያዛባል ወይስ ቀኙ?» በሚል ጥያቄ ላይ ይሽከረከራል። የጋምቤላ ጉዳይ ግን ጥያቄው በቂ አለመሆኑን ያመለክታል። በሰፈራው፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻውና በኢታንግ ጉዳይ የደርግ ምንጮችና የተቺዎቹ ምንጮች በብዙ ነገር ሲቃረኑ፣ ነባሩን ነዋሪ ከታሪኩ ማዕከል በማውጣት ግን ተመሳስለዋል። በሁለቱ መካከል የሚቆም ገለልተኝነት ይህንን መመሳሰል ሊያርም አይችልም፤ የሚመዝነው የቀረበለትን ብቻ ነውና። ማረሚያው በሚዛኑ ላይ ያልተቀመጠውን ምስክርነት ተመርምሮና ታትሞ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። በኢታንግና በአቦቦ ያንን ዘመን በጎልማሳነት ያሳለፉት ሰዎች ዛሬ አዛውንት ናቸው። ምስክርነታቸውን ለመሰብሰብ የቀረው ጊዜ አጭር ነው፤ ለዚህም ከማንም ይልቅ ቅርብ የሆኑት በክልሉ የሚማሩና የሚያስተምሩ ተመራማሪዎች ናቸው።